ስለ መጣፊያ፦ ሳያልቁ ለገበያ ስለሚቀርቡ የተኩስ ጌሞች

አያቴ «ጣፈ» የሚለውን ቃል በሁለት ትርጉም ትጠቀምበት ነበር። ደብዳቤ ሲደርሳት «ማን ጣፈው?» ትላለች፤ የሱሪዬ ጉልበት ሲቀደድም «አምጣው ልጣፈው» ትላለች። መጽሐፍም በእርሷ አፍ «መጣፍ» ነበር። ልጅ ሳለሁ ቃሉ አንድ፣ ሥራው ሁለት መሆኑ ያስቀኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ግን መጻፍና መጣፍ ያን ያህል የተራራቁ እንዳልሆኑ ተረዳሁ፤ ጽሕፈትን የሚወድ ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ረቂቅ ቀዳዳ እንደማያጣው ያውቃልና።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የወደድሁት ስለ ግጥም ወይም ስለ ልብወለድ አይደለም። ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው ስለሚታኮሱባቸው የኮምፒውተር ጌሞች ነው። ቀን በባንክ መስኮት ገንዘብ ሲቆጥር የሚውል፣ ማታ ስንኝ የሚቋጥር ሰው ስለዚህ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ለእኔ ግን ነገሩ የቃል ኪዳን ጉዳይ ነው። አንድ ሥራ «ተፈጽሟል» ተብሎ በሰው እጅ የሚሰጠው መቼ ነው? ሳይፈጸም ከተሰጠስ፣ በኋላ የሚመጣው እርማት ዕዳውን ይከፍላልን?

እንግሊዝኛው «ፓች» የሚለው ቃልም እንደ አያቴ ቃል የጨርቅ መጣፊያ ማለት ነው። በ1944 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራ ላይ የዋለው ሃርቫርድ ማርክ 1 የተባለ ግዙፍ የሒሳብ መኪና ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ነበር። ቀዳዳው ያለ ስፍራው ከተበሳ ባለሙያዎቹ ቁራጭ ወረቀት ይለጥፉበት ነበር። በዚያ ዘመን መጣፊያው በዓይን ይታያል፣ በጣት ይዳሰሳል፤ የተሳሳተ ሰው ስህተቱን ከነመሸፈኛው ያየው ነበር።

የተኩስ ጌሞች ታሪክም ከመጣፊያ ተለይቶ አያውቅም። ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ ዲሴምበር 10 ቀን 1993 «ዱም»ን አወጣ። እስከ አራት ሰዎች በአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ተገናኝተው መጫወት ይችሉ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው ዱም አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው፤ ለአንድ ተጫዋች የሚላከውን መልእክት በኔትወርኩ ላሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ይበትነዋል። አንድን ሰው ለመጥራት መንደሩን በሙሉ እንደ መቀስቀስ ነው። ጥቂት ተማሪዎች ሲጫወቱ የዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ይጨናነቅ ጀመር፤ እንደ ካርኔጊ ሜሎን ያሉ ተቋማትም ጨዋታውን ከኔትወርካቸው አገዱ። በ1994 መጀመሪያ የወጣው እርማት ይህን ጠባይ አስቀረ።

ከሁሉ ይልቅ የሚመስጠኝ ግን የ1996ቱ ታሪክ ነው። የዚያው ኩባንያ «ኩዌክ» ጁን 22 ቀን ወጣ። በአንድ ክፍል በኬብል ለተገናኙ ተጫዋቾች ድንቅ ነበር። ከቤታቸው በስልክ መስመርና በሞደም ለሚገናኙት ግን መከራ ሆነ፤ ኮምፒውተሩ ከሩቁ ሰርቨር መልስ ሳያገኝ አንዲት እርምጃ እንኳ አያሳይምና ቁልፍ ተጭነው ፍሬውን የሚያዩት ዘግይተው ነበር። ዋና ፕሮግራመሩ ጆን ካርማክ በዚያው ዓመት ኦገስት ለሕዝብ ክፍት በሆነው የሥራ ማስታወሻው ላይ መነሻ ግምቱ ስህተት እንደነበር አመነ። ያሰበው ጥሩ መስመር ስላላቸው ሰዎች ነበር፤ አብዛኛው ዓለም ግን በተጨናነቀ የስልክ መስመር ይመጣል። በዲሴምበርም «ኩዌክወርልድ»ን አወጣ። በዚህ የታረመ ሥራ የተጫዋቹ ኮምፒውተር መልስ ሳይጠብቅ እርምጃውን ገምቶ ያሳያል፤ ግምቱ ከሰርቨሩ ጋር ካልተስማማ በኋላ ያስተካክለዋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት የኢንተርኔት የተኩስ ጌሞች አብዛኞቹ የቆሙት በዚህ ብልሃት ላይ ነው። እዚህ ላይ መጣፊያ ኑዛዜ ነበር፤ አንድ ሰው ተሳስቻለሁ አለ፣ ተቀምጦም ሰፋው።

«ካውንተር ስትራይክ» ቀጠለ። በ1999 ሚን ሊ እና ጄስ ክሊፍ የተባሉ ሁለት ወጣቶች «ሃፍ ላይፍ» በተባለው ጌም ላይ ተመርኩዘው የሠሩት ይህ ጨዋታ ገና ሳያልቅ በነፃ ይታደል፣ በየጊዜውም ይታረም ነበር። ገንዘብ ያልከፈለ ሰው ቀዳዳ ቢያገኝ አይቆጣም፤ እንዲያውም ቀዳዳውን ጠቁሞ የሥራው ተካፋይ ይሆናል። እኔና ታናሽ ወንድሜ በልጅነታችን በሰፈራችን ጌም ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን የተጫወትነው ይህንኑ ነው። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርሳቸው እንጂ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኙም፤ ጌሙም ከእጅ ወደ እጅ በሲዲ የተላለፈ ነበር። እርማት ወጥቶለት እንደሆነ እንኳ አናውቅም። ያለውን ቀዳዳ ተላምደን እንጫወት ነበር።

የጌሙን ባለቤትነት የያዘው ቫልቭ ግን ሌላ ችግር ነበረበት። አዲስ እርማት በወጣ ቁጥር አንዱ ተጫዋች አሮጌውን፣ ሌላው አዲሱን ይዞ ስለሚገኝ መገናኘት ያቅታቸዋል። መፍትሔ ሆኖ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2003 የወጣው «ስቲም» እርማቱን ማንም ሳይለምነው በየኮምፒውተሩ ያደርስ ጀመር። ስቲም ራሱ በመጀመሪያው ጊዜ በዝግመቱ ብዙ ተጫዋች ያማረረ መሆኑ ታሪኩን ሙሉ ያደርገዋል። የሆነው ሆኖ መርፌው በየቤቱ ገባ። መርፌው ከደንበኛው ቤት ድረስ የሚደርስለት ልብስ ሰፊ ደግሞ ቀዳዳን እንደ ቀድሞው አይፈራም።

ፍርሃቱ ምን ያህል እንደቀነሰ በ2013 ታየ። የስዊድኑ ዳይስ የሠራው፣ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ያሳተመው «ባትልፊልድ 4» ኦክቶበር 29 ቀን በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን በኖቬምበር ሊወጡ ነበርና ጌሙ ለአምስት ዓይነት መሣሪያዎች በአንድ ሰሞን መድረስ ነበረበት። ደረሰ፤ ነገር ግን በጨዋታው መሐል ይዘጋል፣ ተጫዋቹን ያስወጣል፣ ከግድግዳ ጀርባ የተሸሸገውን ሰው ተመታህ ይለዋል። በዲሴምበር ኩባንያው እስኪታረም ድረስ ሌላ ሥራ ማቆሙን አስታወቀ። ባለአክሲዮኖች ስለ ጌሙ ጥራት ተታለናል ብለው ከሰሱ፤ በኦክቶበር 2014 ፍርድ ቤቱ የኃላፊዎቹ ንግግር ማንም ሊመካበት የማይገባ የንግድ ሙገሳ ነው በሚል ምክንያት ክሱን ውድቅ አደረገው። ጌሙ ቀስ በቀስ ዳነ፤ ብዙዎችም ወደዱት። ትምህርቱ ግን አልጸናም። ከዚያው ቤት በኖቬምበር 2021 የወጣው «ባትልፊልድ 2042» ተጫዋቾች በድምፅ የሚነጋገሩበት መንገድ እንኳ ሳይኖረው ቀረበ፤ ይህ የተጨመረለት በ2022 ነው።

ሌሎችም አሉ። «ሄሎ፦ ዘ ማስተር ቺፍ ኮሌክሽን» ኖቬምበር 11 ቀን 2014 ሲወጣ ተጫዋቾችን የሚያገናኘው ክፍሉ እንደ ሚገባው አልሠራም። የሠሪው ድርጅት ኃላፊ ቦኒ ሮስ በዚያው ወር በይፋ ይቅርታ ጠየቁ፤ ትልቁ ጥገና ግን የመጣው በ2018 ነው። ዩቢሶፍት ለ«ሬይንቦው ሲክስ ሲጅ» በ2017 አንድ ሙሉ ወቅት አዲስ ነገር መጨመሩን ትቶ ለእርማት አዋለው፤ ይህ በእኔ ሚዛን የሚያስመሰግን ነው። በሌላ በኩል በ2019 የወጣውና ከሥር ታድሶ እንደሚሠራ ተስፋ የተሰጠበት «አንተም» በ2021 እድሳቱ ተቋረጠ። እንግዲህ መጣፊያ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ሁለት ምሳሌ ትተውልናል። አንዱ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል፤ ሌላው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሠሪዎቹን በፍርድ ሚዛን ስናስቀምጣቸው ሁለተኛውን መዘንጋት አይገባም፤ መቶ ሺዎች በአንድ ሌሊት ሲገቡ የሚሆነውን ነገር የትኛውም የሙከራ ክፍል አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ሊያሳይ አይችልም። ካርማክ የሞደሙን መከራ በሚገባ ያየው ሰው ሲጫወት ነው። ነገር ግን አንድ ሥራ ሳይታወቅ መጉደሉ ሌላ፣ ጉድለቱ እየታወቀ የመሸጫው ቀን ስለደረሰ መሰጠቱ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ሁለተኛው ብድር ነው፤ የተበደረው ደግሞ የደንበኛውን ጊዜ ነው። እርማቱም ለሁሉ እኩል አይደርስም፤ ፈጣን መስመር ያለው እንቅልፉን ሳያቋርጥ ሲቀበል፣ ዳታ በጊጋ ባይት እየገዛ የሚያወርድ ሰው ለሌላው ስህተት ሁለተኛ ይከፍላል።

ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረገኝ የራሴ ታሪክ ነው። ታናሽ ወንድሜ ቨርጂኒያ ይኖራል። አባታችን ሲያርፍ በወረቀት ጉዳይ ምክንያት ለቀብር መምጣት አልቻለም። በስልክ ስናወራ «ደኅና ነህ?» «ደኅና ነኝ ጋሼ» ከማለት አናልፍም ነበር። ሁለታችንም ልባችንን የምንከፍተው እንደ ልጅነታችን ዓይናችንን ሌላ ነገር ላይ ተክለን ስንቀመጥ ነው። ስለዚህ አንድ አዲስ የተኩስ ጌም በወጣ ሰሞን ሁለታችንም ገዛንና ቀን ቆረጥን፤ ለእርሱ ቅዳሜ ምሽት፣ ለእኔ የእሑድ ሌሊት 11 ሰዓት። የጌሙን ስም አልጠራም። ተነሥቼ ቡና አፍልቼ ጠበቅሁ። ጌሙ አንዱን ሲያስገባ ሌላውን ያስወጣል፤ ሁለታችንንም በአንድ ጊዜ ሊያገናኘን አልቻለም። ሲነጋጋ «ይተኛ ጋሼ፣ ሲያስተካክሉት እንጫወታለን» የሚል መልእክት ላከልኝ።

በአራተኛው ወር አስተካከሉት። አውርጄ ሞከርሁት፤ እንከን አልነበረውም። በዚያን ጊዜ ግን ወንድሜ የቅዳሜ ሌሊት ሥራ ጀምሮ ነበር፤ እኔም ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ጥቂት ተጫውቼ ዘጋሁት። ስለ አባታችን እስከ ዛሬ በወጉ አላወራንም።

በእኛ መሥሪያ ቤት በሒሳብ መዝገብ ላይ ስህተት ቢገኝ አይፋቅም። ከጎኑ ተቃራኒ ምዝገባ ይገባል፤ ቀኑ፣ ስህተቱና የአራሚው ፊርማ አብረው ይኖራሉ። የጌም እርማት ግን የቀድሞውን ደምስሶ ይተካል፤ ዛሬ ባትልፊልድ 4ን የሚከፍት ሰው ያንን የኦክቶበር ወር ጌም አያገኘውም። ቀዳዳው የሚኖረው በመጀመሪያው ቀን በነበሩት ሰዎች ትዝታ ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍም እንደ ተቃራኒ ምዝገባ ቁጠሩልኝ፤ ለዚያች እሑድ ሌሊት የገባ ነው። በዚያው ሰሞን ለወንድሜ የቋጠርኋት፣ ግን እስካሁን ያልላክኋት ስንኝ ይህች ናት፦

ቀዳዳው ተጣፈ፣ ጨርቁም ደኅና ሆነ፤
የበረደኝ ሌሊት፣ ግን የት ተከደነ?