ከቤት ሐኪም እስከ ምስክር ወረቀት፤ የቤት ኃይል ገምጋሚነት ሙያ አመጣጥ

ዛሬ በእንግሊዝ አገር ቤት ለመግዛት ወይም ለመከራየት የሚፈልግ ሰው ከደላላው ከሚቀርቡለት ወረቀቶች መካከል አንዱ፣ ከ«ኤ» እስከ «ጂ» በሰባት ባለ ቀለም ደረጃዎች የተከፈለ የምስክር ወረቀት ነው። አረንጓዴው «ኤ» ቤቱ በጥቂት ነዳጅ የሚሞቅ መሆኑን፣ ቀዩ «ጂ» ደግሞ የነዋሪው ገንዘብ በግድግዳና በጣራ በኩል እየበነነ የሚሄድ መሆኑን ያመለክታል። በወረቀቱ ላይ ስሙና የመለያ ቁጥሩ የሚሰፍረው ባለሙያ «ዕውቅና የተሰጠው የቤት ኃይል ገምጋሚ» ይባላል። ይህ ሙያ ከስድሳ ዓመት በፊት በስም እንኳ አይታወቅም ነበር። እንዴት እንደ ተወለደ፣ ማን እንዳሳደገው፣ ዕውቅና ማግኘትስ ምን ዋስትና እንደ ሰጠና ምን ሳይሰጥ እንደ ቀረ ማጤን ለማናቸውም የሙያ ማኅበር አባል የሚጠቅም ሆኖ ስለ ታየኝ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ከአንድ የአዋጅ ቁጥር በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በአዲስ አበባ ቤቱን በቦይለር የሚያሞቅ ሰው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። የእኛ ቤት ኃይል የሚበላው በግድግዳው ሳይሆን በምጣዱ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ሆኖም የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ቁጠባን በሕግ ከሚመሩት ሥራዎች ጋር ስለ ደመረው፣ የሚመረምረውን ሰው ማን ይመረምረዋል የሚለው ጥያቄ ለእኛም ባዕድ አይደለም።

ታሪኩ የሚጀምረው በእንግሊዝ ሳይሆን በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት ነው። በ1972፣ የዐረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ዓለምን ከማናወጡ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፊዚክስ ሊቁ በሮበርት ሶኮሎው መሪነት ትዊን ሪቨርስ በተባለ አዲስ መንደር ጥናት ጀመሩ። መንደሩን የመረጡት በውስጡ የነበሩት ተያያዥ ቤቶች በአንድ ንድፍ የተሠሩ በመሆናቸው ነበር። በአንድ ንድፍ የተሠሩ ቤቶች እኩል ነዳጅ ይፈጃሉ ተብሎ ይገመታል፤ ነገር ግን አንዱ ቤት ከአቻው ቤት ከእጥፍ በላይ ጋዝ ሲያቃጥል ተገኘ። ይባስ ብሎም ነዋሪው ለቅቆ ሌላ ሰው ሲገባ የቤቱ ፍጆታ አብሮ ይለወጥ ነበር። ከልዩነቱ የሚበዛው የመጣው ከሰዎቹ አኗኗር እንጂ ከአሠራሩ ጉድለት አልነበረም ማለት ነው። ይህ ግኝት ኋላ ለሚመጣው የምስክር ወረቀት አስቸጋሪ ጥያቄ ጥሎ አልፏል፤ ወረቀቱ የሚመሰክረው ስለ ቤቱ ነውን ወይስ ስለ ነዋሪው?

ከዚህ ሁሉ ይልቅ መሐንዲስን የሚያስደንቀው ግን የኮርኒሱ ጉዳይ ነው። በመጻሕፍቱ ቀመር መሠረት በኮርኒሱ ላይ የተነጠፈው ሙቀት አጋጅ ንጣፍ የሚያሳልፈው ሙቀት ጥቂት መሆን ነበረበት። ተመራማሪዎቹ ከኮርኒሱ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ቴርሞሜትር ሰቅለው ሲለኩ፣ የሚባክነው ሙቀት ከተሰላው ብዙ እጥፍ ሆኖ አገኙት። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ ሞቃቱ አየር በጎረቤታሞቹ ቤቶች መካከል ባለው ግድግዳ ውስጥ በብሎኬቶቹ ባዶ ሆድ በኩል፣ እንዲሁም በጢስ ማውጫው ዙሪያ በተተወው ክፍተት ሽቅብ እየወጣ ንጣፉን በጎን ያልፈው ነበር። ንድፉን ያወጣው ሰው፣ ገንቢውና የከተማው ተቆጣጣሪ ሁሉም ሥራቸውን በደንቡ መሠረት ሠርተዋል፤ ቀዳዳውን ግን በወረቀት ላይ ማንም ሊያየው አይችልም ነበር። ይህ ጸሐፊ በትምህርት ቤት ስለ ሙቀት ዝውውር ከተማረው ሁሉ ይህን ያህል ትሕትና ያስተማረው ምዕራፍ አያስታውስም።

እንዲህ ያሉትን ቀዳዳዎች በመድፈን፣ ንጣፍ በመጨመርና መስኮቶቹን በመከለል ከመንደሩ ቤቶች የአንዱን የማሞቂያ ፍላጎት በሁለት ሦስተኛ መቀነስ ተቻለ። ከዚህ ልምድ በመነሣት የፕሪንስተን ሰዎች «የቤት ሐኪም» ብለው የሰየሙት አዲስ ዓይነት ባለሙያ ብቅ አለ። የቤት ሐኪሙ ዋና መሣሪያ በበር ክፍት ላይ ተወጥሮ የሚገጠም ትልቅ ማራገቢያ ሲሆን፣ የቤቱን አየር ወደ ውጭ እየሳበ ቤቱ በየት በየት እንደሚያፈስ ያጋልጣል። አሳቡ በ1977 ገደማ በስዊድን በመስኮት ላይ በሚገጠም ማራገቢያ የተጀመረ ሲሆን በ1979 ወደ ፕሪንስተን ተሻግሯል። ሐኪሙ ሙቀትን በሚያሳይ ካሜራ እየተመለከተ ቀዳዳውን ካገኘ በኋላ እዚያው በዚያው ይደፍነው፣ ማራገቢያውን እንደገና አሠርቶም የሥራውን ውጤት ይለካ ነበር። እንግዲህ ሙያው ሲወለድ መለኪያን ከመዶሻ ጋር ይዞ ነው የተወለደው።

መንግሥታት ወደ ጉዳዩ የገቡት ነዳጅ ሲወደድ ነው። ከ1973 መኸር እስከ ተከታዩ ዓመት መግቢያ ድረስ የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዋጋ ከሦስት ዶላር ወደ አሥራ ሁለት ዶላር ግድም ወጣ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1978 ባወጣው ሕግ ትልልቅ የመብራትና የጋዝ ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን ቤት እንዲያስመረምሩ ግዴታ ጣለባቸው፤ ከደንበኛው የሚጠየቀውም ከአሥራ አምስት ዶላር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የጠራቸው ደንበኛ ግን ጥቂት ነበር፤ ነዳጅ ሲረክስም ሕጉ በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ቀረ።

በአውሮፓ መንገዱ ሌላ ነበር። ዴንማርክ ከ1997 ጀምሮ የሚሸጥ መኖሪያ ቤት ሁሉ በተመዘገበ ባለሙያ ተመርምሮ የኃይል ደረጃ እንዲሰጠው አስገደደች። በእንግሊዝ ደግሞ በ1986 በሚልተን ኪንስ ከተማ ነዳጅ ቆጣቢ የሆኑ ሃምሳ ያህል ቤቶች ለሕዝብ ትርኢት ከቀረቡ በኋላ፣ በ1990 የቤቶች ኃይል መመዘኛ ተቋቋመ። በ1993 መንግሥት «ሳፕ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የስሌት ሥርዐት አወጣ። ሳፕ ለትዊን ሪቨርስ ጥያቄ በራሱ መንገድ መልስ ሰጥቷል፤ ነዋሪውን ከስሌቱ አስወጥቶ በምትኩ አማካይ ሰው አስገባ። ይህ በዓለም ላይ የሌለ ሰው ሳሎኑን 21 ዲግሪ፣ ሌሎቹን ክፍሎች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቃል። ቤትን ከቤት ለማወዳደር ይህ ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ የመጪውን ወር የጋዝ ሒሳብ ለማወቅ ግን አይረዳም።

ሙያውን በአንድ ጊዜ ከጥቂት አዋቂዎች እጅ አውጥቶ የብዙ ሺህ ሰዎች እንጀራ ያደረገው የአውሮፓ ኅብረት በታኅሣሥ 16 ቀን 2002 ያወጣው የሕንጻዎች ኃይል አጠቃቀም መመሪያ ነው። መመሪያው ቤት ሲሠራ፣ ሲሸጥና ሲከራይ የምስክር ወረቀት እንዲቀርብ ሲያዝዝ፣ በአሥረኛው አንቀጽ ምርመራው ብቃት ባላቸው ወይም ዕውቅና በተሰጣቸው ባለሙያዎች፣ ከማንም ነጻ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ደነገገ። አንቀጹ አጭር ነው። ባለሙያዎቹ ግን ገና አልነበሩም።

በእንግሊዝና በዌልስ አንድ ሰው ገምጋሚ ለመሆን የሚያልፍበት ደጅ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ አጭር ሥልጠና ይወስዳል፤ ከዚያም በእጁ የመረመራቸውን ቤቶች ሰነድ ከንድፋቸውና ከፎቶግራፋቸው ጋር አቅርቦ ሲያልፍ የሦስተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ይቀበላል። ዲፕሎማ ብቻውን ግን የሥራ ፈቃድ አይደለም። መንግሥት ካጸደቃቸው የዕውቅና ማኅበራት በአንዱ መመዝገብ፣ የወንጀል ነጻ ማስረጃ ማቅረብ፣ በስሕተት ለሚደርስ ጉዳት የሙያ መድን መግባት፣ በየዓመቱም ቢያንስ ለአሥር ሰዓት ትምህርቱን ማደስ ይኖርበታል። ማኅበሩ ከሠራቸው ወረቀቶች ጥቂቱን እየመዘዘ ይመረምራል፤ ሥራው የወደቀ ገምጋሚ ይታረማል፣ አልታረምም ካለም ይሰረዛል። በጽሕፈት ደረጃ ከዚህ የተሻለ ሥርዐት ማሰብ ይከብዳል።

ችግሩ የመጣው ከቀን መቁጠሪያው ነው። መንግሥት ቤት ሻጭ ሁሉ ከሰኔ 1 ቀን 2007 ጀምሮ «የቤት መረጃ ጥቅል» የተባለውን ሰነድ እንዲያቀርብ፣ የኃይል ምስክር ወረቀቱም በውስጡ እንዲካተት ወስኖ ነበር። አስቀድሞ ጥቅሉ የቤቱን አጠቃላይ ደኅንነት የሚገልጽ የምርመራ ዘገባም እንዲይዝ ታስቦ ስለ ነበር፣ ብዙ ሰዎች መደበኛ ሥራቸውን እየተዉ በገዛ ገንዘባቸው ለመርማሪነት ሠለጠኑ። በሐምሌ 2006 ዘገባው በፈቃድ ብቻ የሚቀርብ ሆኖ ተወሰነ። በተከታዩ ግንቦት፣ ቀኑ አሥር ቀን ያህል ሲቀረው፣ በአንድ በኩል የንብረት ገማቾችና ቀያሾች ንጉሣዊ ተቋም በቂ ምክክር አልተደረገም ብሎ ክስ በማቅረቡ፣ በሌላ በኩል ዕውቅና ያገኙት ገምጋሚዎች ቁጥር ስላልበቃ፣ ሚኒስትሯ ሩት ኬሊ ጅማሮው ወደ ነሐሴ 1 መዛወሩን አስታወቁ። ያም ቢሆን አራትና ከዚያ በላይ መኝታ ክፍል ላላቸው ቤቶች ብቻ ነበር፤ ባለ ሦስቶቹ በመስከረም፣ የቀሩት በታኅሣሥ ተጨመሩ። ባለሙያ የለም ተብሎ ሕጉ ሲዘገይ፣ ሕጉ ዘገየ ተብሎ ደግሞ የሠለጠኑት ያለ ሥራ ተቀመጡ።

ከእነዚያ ሰዎች አንዱን ይህ ጸሐፊ ለማወቅ በቅቷል። በ2014 ለሁለተኛ ዲግሪ በሰሜን እንግሊዝ በነበርኩበት ወቅት የምኖርበት ቤት፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ከጡብ ከተሠሩት ተያያዥ ቤቶች አንዱ ሲሆን፣ አከራዬ ወረቀት ስላስፈለገው አንድ ገምጋሚ ላከ። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። በ2006 ከጡረታ ገንዘባቸው በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ ለአንድ የሥልጠና ድርጅት ከፍለው፣ ከአንድ ዓመት በላይ አንድም ቤት ሳይመረምሩ እንደ ቆዩ ሻይ ስናፈላ አጫወቱኝ። ምሬታቸውን ከእኔ ሊደብቁ አልሞከሩም፤ ሥራቸውን ግን በጥንቃቄ ይሠሩ ነበር። ክፍሎቹን በጨረር መለኪያ ለኩ፤ የቦይለሩን ስም ጻፉ፤ መሰላል አውጥተው ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ንጣፍ ውፍረት በሜትር አይተው ፎቶግራፍ አነሡ። ግድግዳው ዘንድ ሲደርሱ ውፍረቱን በበሩ ጉበን ላይ ለክተው፣ አከራዩ ስለ ንጣፉ ማስረጃ እንደሌለው ጠየቁኝና፣ በመሣሪያቸው ላይ «ወጥ ጡብ፣ እንደ ተሠራ፣ ንጣፍ የሌለው (የተገመተ)» የሚለውን መረጡ።

«ሙቀቱን ለምን አይለኩትም?» አልኳቸው።

«ግድግዳ መብሳት አልተፈቀደልኝም። የሙቀት መለኪያውን ለጥፌ ልተወው ብል በክረምት ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ያለኝ አርባ ደቂቃ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሦስት ቤት ይጠብቀኛል» አሉ።

ያቺ በቅንፍ ውስጥ ያለች ቃል የሙያውን ታሪክ ሁሉ ትይዛለች። በጊዜው የስሌቱ ሥርዐት ለወጥ ጡብ ግድግዳ የሚሰጠው የሙቀት ማሳለፍ ዋጋ 2.1 ዋት በካሬ ሜትር በኬልቪን ነበር። በዚያው ጊዜ ግን የሕንጻ ምርምር ተቋሙ በእውነተኛ ቤቶች ላይ ያካሄደው ልኬት አማካዩ 1.6 ገደማ መሆኑን አሳየ፤ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎችም ከዚያ ያነሰ ቁጥር አገኙ። አሮጌዎቹ ግድግዳዎች ከተገመተው ይልቅ ሙቀት ይይዙ ነበር ማለት ነው። መዘዙ ቀላል አይደለም። ግድግዳው ብዙ ያባክናል ተብሎ ከተሰላ፣ በንጣፍ ሲሸፈን የሚገኘው ቁጠባም ያለ ልክ ይተልቃል፤ በ2013 የተጀመረው «ግሪን ዲል» የተባለው የብድር ዕቅድ ደግሞ ነዋሪው ዕዳውን ከሚቆጥበው ነዳጅ እንዲከፍል ታስቦ በዚሁ ዓይነት ስሌት ላይ የቆመ ነበር። ዕቅዱ ፈላጊ አጥቶ በ2015 መንግሥት ገንዘቡን አቆመበት። ለውድቀቱ የወለዱ ከፍተኛነትና ሌላም ምክንያት ቢኖርም፣ የተጋነነ ተስፋ የሚያወጣ ቀመር የሕዝብን እምነት ሊያተርፍ እንደማይችል ግልጽ ነው። ዋጋው በ2017 ወደ 1.7 ዝቅ ተደረገ። ገምጋሚዎቹ በዚህ ጥፋት የለባቸውም፤ ይሁንና በወረቀቱ ላይ የሰፈረው የእነሱ ስም ነበር።

የቤት መረጃ ጥቅሉ በግንቦት 2010 አዲስ መንግሥት እንደ ተመሠረተ ወዲያው ሲታገድ፣ የኃይል ምስክር ወረቀቱ ብቻ ተረፈ። የተረፈው ግን በአውሮፓው መመሪያ ግዴታ ነበር። ገምጋሚው ስለ በዛ ዋጋው ወረደ፤ ለአሥር ዓመት የሚያገለግል ወረቀት በስልሳና በሃምሳ ፓውንድ ይሠራ ጀመር። ከሚያዝያ 2018 ወዲህ ደግሞ ከ«ኢ» በታች የሆነ ቤት ማከራየት፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በሕግ ተከለከለ። ስለዚህ በ38 እና በ39 ነጥብ መካከል ያለችው አንዲት ነጥብ የኪራይ ገቢን የምትወስን ሆነች፤ ገምጋሚውን የሚቀጥረውና የሚከፍለውም ያው ነጥቧን የሚፈልገው አከራይ ነው። አንቀጽ አሥር «ነጻ በሆነ መንገድ» ሲል ለዚህ ጉዳይ መልስ አልሰጠበትም።

በሰኔ 2025 ለነባር ቤቶች የሚያገለግለው የስሌት ሥርዐት በአዲስ ተተክቷል። ቀድሞ ገምጋሚው የመስኮቶቹን ስፋት ከቤቱ ዕድሜና ስፋት እንዲገምት ይፈቀድለት ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዱን መስኮት በሜትር ለክቶ መጻፍ አለበት። በዚህ ምክንያት ምርመራው ስለሚረዝም ዋጋው ይጨምር የሚሉ ገምጋሚዎችና ወረቀቱን በአሮጌው ዋጋ የለመዱ ደላሎች እየተከራከሩ ነው።