ስምና ወሰኑ፦ ከሐይቅ ዐቃቤ ሰዓት እስከ ሰዓት ቆጣሪ ፕሮግራም



የዛሬው ንግግሬ አንድ ስም እስከ የት ድረስ እንደሚሠራ ይመለከታል። ጥያቄው የታሪክ ተማሪንም የኮምፒውተር ተማሪንም እኩል ይነካል።

ከሐይቅ ልነሣ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተዳድሩት የነበረው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መምህራን «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ ይታወቃሉ፤ ትርጉሙ የሰዓት ጠባቂ ነው። ማዕረጉ በገዳሙ ብቻ አልቀረም፤ በቤተ መንግሥትም ከታላላቆቹ ሥልጣናት አንዱ ሆነ። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ «ካቤአታ» ብሎ ጻፈው። ሰነዱ ስለ የትኛው ስፍራ እንደሚናገር ሳይጠይቅ የሚያነብ ሰው የገዳሙን ኃላፊነት ከቤተ መንግሥቱ ሥልጣን ያምታታል፤ አጻጻፉን ያላስተዋለም ሌላ ማዕረግ ያገኘ ይመስለዋል። አምባሰልም እንዲሁ ነው፦ በካርታ ላይ ተራራና ወረዳ፣ በሙዚቃ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ።

እነዚሁ ሁለት ስሕተቶች፣ የወሰንና የአጻጻፍ፣ በፕሮግራም ውስጥም ይገኛሉ። በፓይተን የተጻፈ፣ መስኮትና «ጀምር» የሚል ቁልፍ ያለው ሰዓት ቆጣሪ እናስብ። «ቀሪ_ሰዓት» የተባለው ተለዋዋጭ ከፋንክሽኑ ውጭ 60 የሚል ዋጋ ተሰጥቶታል። ቁልፉ ሲጫን ፋንክሽኑ ከዚህ ዋጋ ላይ 1 ሊቀንስ ይሞክራል፤ ነገር ግን ቆጠራው አይጀምርም፣ የስሕተት መልእክት ይወጣል። ፓይተን በፋንክሽን ውስጥ ዋጋ የሚሰጠውን ስም የዚያው ፋንክሽን የግል ስም አድርጎ ይወስደዋልና። መፍትሔው «ግሎባል» በሚለው ትእዛዝ የውጭውን ስም ማለታችንን ማሳወቅ፣ ፕሮግራሙ ሲሰፋም ቆጣሪውን በክላስ ውስጥ ማደራጀት ነው።

ሁለተኛው የአጻጻፍ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓይተን 3 ተለዋዋጮችን በፊደላችን እንድንሰይም ይፈቅዳል። ይሁንና ለኮምፒውተሩ «ሰዓት» እና «ሠዓት» ሁለት ስሞች፣ «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ» እና «ኃይቅ» ሦስት ስሞች ናቸው። እኛ የምንሰማውን የድምፅ አንድነት እርሱ አይሰማም።

ጉዳቱ ከክፍል መልመጃ ያልፋል። በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው የኢየሱስ ሞአ ወንጌል በዲጂታል ካታሎግ «ሀይቅ» ተብሎ ቢመዘገብ፣ «ሐይቅ» ብሎ የፈለገ ተመራማሪ መጽሐፉ የለም ብሎ ሊመለስ ይችላል።

እዚህ ላይ የሁለቱ ሙያዎች መንገድ ይለያያል። ፕሮግራም ጸሐፊው አንዱን አጻጻፍ መርጦ ሌላውን ይሠርዛል፤ ይገባዋልም። የታሪክ ሰው ግን የምንጩን ፊደል የማቃናት መብት የለውም፤ አጻጻፉ ራሱ ማስረጃ ነውና። ስለዚህ ካታሎግ የምትሠሩ ተማሪዎች ለመፈለጊያ አንድ ወጥ ስም፣ ከጎኑም የብራናውን አጻጻፍ እንዳለ አስቀምጡ።