ስለ ጩምቦና ስለ ፒዛ

ሰው ልብሱንና ቤቱን በየዘመኑ ሲለውጥ ያውቀዋል፤ የአፉን ጣዕም ሲለውጥ ግን ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። የአባቶች መብል ተብሎ ከሚከበረው ውስጥ አንድ ጊዜ እንግዳ ሆኖ የገባ ነገር እንደሚገኝበት የወለጋው ጩምቦና የናፖሊው ፒዛ አብረው ያስረዳሉ።

ጩምቦ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ አገር የታወቀ የክብር መብል ነው። የጤፍ ሊጥ ከእንጀራ ወፈር ተደርጎ ይጋገራል፤ ከበሰለም በኋላ በቅመም የተነጠረ ቅቤና ሚጥሚጣ ይቀባል፣ እርጎም ይፈስስበታል። ለሠርግ፣ ለበዓልና ለከበረ እንግዳ ይቀርባል። ከታች እህሉ፣ ከላይ ቅባቱና የሚያቃጥለው ቅመም መሆኑን ላስተዋለ ሰው ፒዛም በዚሁ ሥርዓት የተሠራ ነው።

ፒዛ በናፖሊ ከተማ የድኾች መብል ነበረ። ፈረንሳዊው ደራሲ አሌክሳንድር ዱማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ በላዩ የሚደረገው ዘይት፣ የአሳማ ስብ፣ አይብ፣ ቲማቲም ወይም ትናንሽ ዓሣ ነበረ፤ ዋጋውም እነዚህ በገበያ ሲበዙ ይረክሳል፣ ሲያንሱ ይወደዳል። ቲማቲሙም የኢጣልያ ተወላጅ አይደለም። ኮሎምቦስ በ1492 ወደ አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ከአውሮፓውያንም ብዙዎች መርዝ ይሆናል ብለው ለረጅም ጊዜ ፈርተውት ነበር።

ሚጥሚጣም ከዚያው ከአሜሪካ የወጣ ነው። እርሱ ከመምጣቱ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ሰው ወጡን የሚያጣፍጠው እንደ ኮረሪማና እንደ ጥምዝ ባሉ ቅመሞች ነበረ። እንግዲህ ጩምቦን ያለ ሚጥሚጣ ማሰብ የሚያስቸግረው ሰው፣ የጥንት አያቶቹ ሚጥሚጣን ሳያውቁት እንደ ኖሩ ልብ ይበል።

የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ. ም. አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ወለጋ በደስታ አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በነቀምቴ አጠገብ በቦነያ ሜዳ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች የጥቁር አንበሳ አርበኞች አቃጥለዋል። ጠላት በ1933 ዓ. ም. ድል ሆኖ ሲወጣ ግን ፓስታውና መኮሮኒው በከተሞች ቀረ፤ ፒዛም ኋላ ተከተለ። ያልተቀበሉትን ገዥ ያባረረ ሕዝብ መብሉን መርምሮ የሚበጀውን አስቀረ፤ እንደ ሥርዓቱም አደረገው። ዛሬ በአዲስ አበባ አይብ የሌለበት፣ አትክልት ብቻ የተደረገበት የጾም ፒዛ ይጋገራል።

በሌላም አገር እንዲሁ ሆኗል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ሳም ፓኖፑሎስ የተባለ የግሪክ ተወላጅ በካናዳ አናናስ ቢጨምርበት ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ በ2017 የአይስላንድ ፕሬዚዳንት ቢቻላቸው አናናሱን እንደሚከለክሉ በቀልድ ቢናገሩ ወሬው ዓለምን ዞረ።

ስለዚህ ወጣቱ ፒዛ ቢያምረው የአባቱን ማዕድ ከዳ ማለት ፍርድ አይሆንም። የሚያሠጋው ሌላ ነው። ጩምቦ ጤፍና ቅቤ፣ ጊዜና የለመደ እጅ ይፈልጋል። ቅቤው ለከተማ ሰው ተወድዷል፤ የአጋገሩ ብልሃትም በመጽሐፍ ሳይሆን ልጅ ከእናቷ ጎን ቆማ በማየት የሚተላለፍ ነው። አንዲት ባለሙያ ሳታስተምር ካለፈች ጠፍቶ የሚቀረው ይህ ነው። ናፖሊዎችም ለዓለም መዝገብ ያበቁት በላዩ የሚደረገውን አይደለም፤ በ2017 ዩኔስኮ የመዘገበላቸው የጋጋሪዎቹን ጥበብ ነው። የወለጋም ሰው ከላይ የሚቀባውን ዘመን ቢለውጥበት አይዘን፤ ምጣዱን የምታውቀው እጅ ግን ያለ ተማሪ እንዳትቀር ይትጋ።