የጥቅምት 1924 መንገደኞችና የእኛ እቁብ

ባለፈው ወር ቡና አፍልተን ስለ እቁባችን ስንወያይ ስብሰባው ከወትሮው በላይ ረዘመ። ነገሩን አባሎቻችን ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ለአጋሮቻችን ስንል በአጭሩ እንናገረው። ዕጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የወጣላት አንዲት አባል ገንዘቡን ተቀብላ ሰፈር ቀየረች፣ ስልኳንም ዘጋች። ዋስ የሆነችላት እናታችን የጉሊት መነሻዋን አራግፋ የሰው ዕዳ ከፈለች። ከዚያ ወዲህ ግማሾቻችን «እቁቡ ይቅርና ሕጋዊ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነን እንመዝገብ» እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ «እቁብ ያሳደገንን ወረቀት ሊያሳድገን ነው?» ብለን እንመልሳለን።

ክርክሩ በጋመበት ሰዓት የካይዘን ሥልጠና ወስዳ የመጣች አንዲት ወጣት አባል «ለመሆኑ ጃፓኖች እቁብ አላቸው?» ብላ ጠየቀች። ሳቅን። ከዚያ ማንም መልስ እንደሌለው ስናይ ጥያቄው ሂሳብ ለምንይዘው ተሰጠን። እኛም ደረሰኝና ሌጀር ማገላበጥ የለመደ እጃችንን ወደ ታሪክ መጽሐፍ አዞርነው። ይህ ጽሑፍ ያገኘነው ነው።

የጃፓንና የእኛ ነገር የጀመረው በካይዘን አይደለም። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ልክ ሰማንያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1924 ዓ.ም.፣ አራት ኢትዮጵያውያን ያንን ሁሉ ባሕር አቋርጠው ጃፓን ገብተዋል። መሪያቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። የመርሐቤቴ ልጅ፣ በእንጦጦ ራጉኤል የተማሩ፣ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጅ አርአያ አበበ፣ አቶ ተፈሪ ገብረ ማርያምና አቶ ዳባ ብሩ አብረዋቸው ነበሩ። ኮቤ ወደብ የደረሱት ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው። በእኛ አገር አደይ አበባ ረግፎ እህል የሚታጨድበት፣ በጃፓንም ሩዝ ታጭዶ ቅጠሉ የሚቀላበት መፀው መሆኑ ነው።

የሄዱበት ምክንያት ግልጽ ነበር። ጃፓን በ1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ላይ መልእክተኛ ልካ ነበርና ምስጋና መመለስ ያስፈልጋል። የወዳጅነትና የንግድ ውልም በዚያው ሰሞን ተፈርሟል። ከዚህም በላይ በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት፣ አብዛኛውን መልክ የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1889 ከወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። የዘመኑ ምሁራን ዓይን ጃፓን ላይ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከዚያ በፊት የጃፓንን መንገድ እንድንከተል መክረዋል፤ ከበደ ሚካኤልም በኋላ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጽፈዋል። በአውሮፓ ሳትገዛ የሠለጠነች፣ ጥንታዊ ዘውድ ያላት አገር ስትታይ የእኛ ሰው ልቡ ቢሸፍት አይገርምም።

ብላቴን ጌታ ያዩትን በዚያው በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በመጽሐፍ አወጡት። እ.ኤ.አ. በ1934 ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሟል። አንድ አበሻ ስለ ጃፓን ጽፎ ጃፓኖች ራሳቸው ማንበባቸው እስከ ዛሬ ያኮራናል።

ግን እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ስናየው፣ ከመዝገቡ የጎደለም አለ። የመንግሥት እንግዳ የሚታየው ቤተ መንግሥቱ፣ ፋብሪካው፣ ወታደሩ ነው። ከኮቤ ወደ ቶኪዮ የሚወስደው ባቡር በሩዝ ማሳዎች መካከል ያልፋል፤ ማሳው ውስጥ ያለችው ሴት ግን እንግዳ ተቀባይ ሆና አትቀርብም። ያ መፀው ለጃፓን ገበሬ ክፉ ነበር። የዓለም ገበያ በመውደቁ የሐር ዋጋ ረክሶ፣ የሐር ትል በማርባት ይተዳደሩ የነበሩ ቤተሰቦች ዕዳ ውስጥ ገብተዋል። በሰሜን፣ በቶሆኩና በሆካይዶ፣ በዚያው ዓመት ብርድ ሩዙን መታው። አባቶች ሴቶች ልጆቻቸውን ለፋብሪካ፣ የባሰባቸውም ለሴተኛ አዳሪ ቤት፣ ቅድሚያ ገንዘብ ተቀብለው በውል ሰጡ። አገሪቱ «ማኅደረ ብርሃን» በተባለችበት ወራት ማለት ነው።

የጨርቅ ፋብሪካው ነገር ወደ እኛም ይመጣል። እናቶቻችን አቡጀዴ የሚሉት ጨርቅ መጀመሪያ የአሜሪካ ነበር፤ በዚያ ዘመን ግን ርካሹ የጃፓን ጥጥ ገበያችንን ያዘ። በታኅሣሥ መጀመሪያ 1924 ዓ.ም. ጃፓን ገንዘቧን ከወርቅ ስታላቅቀው የን ወደቀ፣ የጃፓን ዕቃም በዓለም ገበያ ከበፊቱ ይበልጥ ረከሰ። ያንን ክር የሚፈትሉት ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ናቸው፤ በፋብሪካው ግቢ ያድራሉ፣ ከደሞዛቸው ለአባት የተሰጠው ቅድሚያ ይቆረጣል። ሴቶችን ሌሊት ማሠራት በፋብሪካዎቹ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው፤ መንገደኞቻችን ከመድረሳቸው ሁለት ዓመት በፊት። በዚህ በኩል ደግሞ ጥጥ ባዝታ፣ በእንዝርት ፈትላ ለሸማኔ የምታቀርብ የእኛ ሴት አለች። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ አንዷ የሌላዋን ዋጋ ታወርዳለች። በኮልፌ ዛሬም ፈትለው የሚያድሩ እናቶች ስላሉን ይህችን መስመር ስናነብ ቆም ብለናል።

ከአራቱ መንገደኞች አንዷም ሴት አልነበረችም። ሆኖም ከጉዞው በኋላ በታሪኩ ውስጥ ስሟ የቀረ አንዲት ሴት አለች። ልጅ አርአያ ጃፓናዊት ማግባት ፈለጉ፤ ነገሩ በጃፓን ጋዜጦች ወጣ፤ ብዙዎች እኔ እሆናለሁ ሲሉ የቪስካውንት ኩሮዳ ልጅ ማሳኮ ኩሮዳ ተመረጠች። በ1926 ዓ.ም. ጋብቻው ፈረሰ። የጣሊያን ተቃውሞ እንዳፈረሰው በሰፊው ይነገራል። የሁለት መንግሥታት ወሬ ሲያልቅ እሷ ምን አለች? ብለን ፈልገን ነበር። ስለ እሷ የተጻፈው ብዙ ነው፤ እሷ የተናገረችው ግን ጥቂት።

የወዳጅነቱም ፍጻሜ ብዙ አያስደስትም። ጣሊያን ሲወረን አቶ ዳባ ብሩ እርዳታ ፍለጋ እንደገና ጃፓን ሄዱ። ሕዝቡ አዘነልን፤ መንግሥቱ ግን በ1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሌጋሲዮኑን ወደ ቆንስላ ቀይሮ የጣሊያንን ወረራ ተቀበለ፤ ጣሊያንም በፈንታው የጃፓንን የማንቹሪያ ይዞታ ተቀበለች። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ሳሉ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፉ። ከዚያ በኋላ ያለውን አገር ያውቀዋል፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በሌላ መፀው፣ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ሁለተኛ ወርቁን ወስዷል።

አሁን ወደ ተጠየቅነው እንመለስ። አዎ፣ ጃፓኖች እቁብ አላቸው። «ኮ» ይሉታል፣ «ታኖሞሺ» ወይም «ሙጂን» የሚሉትም አለ፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። የመንደር ሰዎች በየወሩ እኩል ያዋጣሉ፣ የተሰበሰበውን በዕጣ ወይም በጨረታ አንዱ ይወስዳል፣ ሁሉም እስኪደርሰው ይዞራል። የኛዎቹ ዳኛ እንደሚሏቸው እነሱም አንድ ሰብሳቢ አላቸው። አስቀድሞ የወሰደ ሰው ዋስ ወይም መያዣ ያቀርባል። የሚጠፋ ሰው እዚያም ነበር ማለት ነው! ደቦና ወንፈልም አይቸግራቸውም፤ «ዩኢ» ይሉታል። በሺራካዋ መንደር ትልልቁን የሣር ክዳን ቤት የሚከድኑት ተሰባስበው በዚህ ነው።

ቀጥሎ የሆነው ነው ለእኛ ክርክር የሚጠቅመው። ሙጂን ከመንደር ወጥቶ ንግድ ሲሆን አጭበርባሪ በዛ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1915 ሕግ ወጣ፤ ሙጂንን እንደ ሥራ የሚያካሂድ ኩባንያ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ በገንዘብ ሚኒስቴር እንዲቆጣጠሩት ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1951 እነዚህ ኩባንያዎች በሌላ ሕግ የመረዳጃ ባንኮች ሆኑ፤ ከ1989 ጀምሮ ደግሞ አብዛኞቹ መደበኛ ባንክ ሆነዋል። እቁብ ባንክ ሆነ ማለት ነው። የመንደሩ ትንሽ ሙጂን ግን አልሞተም። በያማናሺ አውራጃ እስከ ዛሬ ሰዎች በወር አንድ ቀን ለሙጂን ይገናኛሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ያወራሉ። ሁለቱም ጎን ለጎን ኖረዋል።

እኛን በግል የማረከን ግን የሌላ ሴት ነገር ነው። ሃኒ ሞቶኮ በጃፓን ጋዜጣ ቤት በሪፖርተርነት ከተቀጠሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1904 «ካኬቦ» የተባለ የቤት ሂሳብ መዝገብ አሳተመች። የገባውንና የወጣውን በየዓይነቱ ለይታ የምትጽፍበት፣ ማንኛዋም የቤት እመቤት የምትይዘው ደብተር ነው። የመጽሔቷ አንባቢዎች በ1930 አገር አቀፍ ማኅበር መሠረቱ፤ ብላቴን ጌታ ኮቤ ሲወርዱ ማኅበሩ አንድ ዓመቱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላም፣ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ፣ በየገጠሩ የኑሮ ማሻሻያ ባለሙያ ሴቶች ተመድበው የገበሬ ሚስቶችን በቡድን አደራጁ። መጀመሪያ ከነኩት ነገር አንዱ ምድጃ ነው፤ ጭስ የሚቀንስ፣ ቆመው የሚያበስሉበት ምድጃ። ገንዘቡን ሴቶቹ እንቁላል እየሸጡ ያጠራቀሙበት መንደር አለ። ካይዘን ስንባል ፋብሪካ ብቻ የሚመስለን ሰዎች፣ ይህኛውን ማሻሻል የጀመሩት ጓዳ ውስጥ የነበሩ ሴቶች መሆናቸውን ብናውቅ ምን ነበረበት?

ስብሰባው ላይ ይህንን ስናነብ ዋስ ሆና የተጎዳችው እናታችን ዝም ብላ ሰማችን። ከዚያ «ልጆቼ፣ ያቺ ጃፓናዊት ሴትዮ ደብተሯን ምን ብላ ነው የከፋፈለችው?» ብላ ጠየቀች። የምግብ፣ የልብስ፣ የቤት ኪራይ፣ የልጆች፣ የእንግዳ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ እያልን ስንዘረዝር «የዋስ የሚል ቦታ ጨምሩበት» አለች።

ጨምረንበታል። ለሠላሳ አባሎች የሚሆን ደብተር በዚህ ወር አስመርቀን በነፃ እናድላለን፤ ወጪውን ከመዋጮው አልነካንም፣ ካለፈው የሻማ ሽያጭ ትርፍ ነው። ምዝገባውን በተመለከተ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የሚያስፈልገንን ሰነድ አዘጋጅተን ከእቁቡ ደንብ ጋር በግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይኑሩ የሚል ሦስተኛ ሐሳብም ከአባሎች ስለመጣ በድምፅ መስጫው ላይ አብሮ ተጽፏል። ድምፅ የምንሰጠው በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ መምጣት የማትችሉ ድምፃችሁን በጸሐፊያችን በኩል በታሸገ ወረቀት ላኩልን።