ሶፍት ፕሮሰሰር እና የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር፦ ልዩነታቸውና አመራረጣቸው

ምንነት

የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ሰርኪዩቱ በፋብሪካ ተሠርቶ የተጠናቀቀ፣ ከዚያ በኋላ የማይለወጥ ቺፕ ነው። በአንጻሩ ኤፍፒጂኤ የተባለው ቺፕ በውስጡ ያሉት የሎጂክ ክፍሎች የሚገናኙበት መንገድ ከተመረተ በኋላ በተጠቃሚው ይወሰናል። ዛይሊንክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ኤፍፒጂኤ 64 የሎጂክ ክፍሎች ነበሩት። በእነዚህ ክፍሎች ላይ በንድፍ የሚገነባ ፕሮሰሰር ሶፍት ፕሮሰሰር ይባላል። የዛይሊንክስ ማይክሮብሌዝ፣ የአልቴራ ኒዮስ 2 እና በአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ የተጀመረው ሊዮን ለአብነት ይጠቀሳሉ።

የፍጥነት ልዩነት

ሶፍት ፕሮሰሰር አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 200 ሜጋኸርዝ ባለው ፍጥነት ይሠራል፤ የዘመኑ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ግን ከ3 እስከ 5 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ምክንያቱም በኤፍፒጂኤ ውስጥ ምልክቱ በርካታ ማብሪያ ማጥፊያዎችን አልፎ ስለሚጓዝ ይዘገያል። ከዚህም በላይ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር በአንድ ምት ብዙ ትእዛዞችን ሲፈጽም፣ ሶፍት ፕሮሰሰር በአብዛኛው ከአንድ አይበልጥም።

በመሆኑም «ኤፍፒጂኤ ፈጣን ነው» የሚለው አገላለጽ ሶፍት ፕሮሰሰርን አይመለከትም። የኤፍፒጂኤ ፍጥነት የሚገኘው ለአንድ ሥራ ብቻ ተነድፈው ጎን ለጎን ከሚሠሩ ሰርኪዩቶች ነው። ይህን ሳይለዩ ኮምፒውተርን ለመተካት የኤፍፒጂኤ ቦርድ መግዛት ገንዘብን ያለ ጥቅም ማባከን ይሆናል።

የሶፍት ፕሮሰሰር ጠቀሜታ

• ለሥራው የሚያስፈልገውን ልዩ ሰርኪዩት በዚያው ቺፕ ላይ ከፕሮሰሰሩ ጋር ለማገናኘት ያስችላል፤
• ቀላል አሠራር ስላለው አንድ ተግባር የሚወስደውን ጊዜ አስቀድሞ በትክክል ለማወቅ ያግዛል፤ ይህም ለሞተርና ለማሽን ቁጥጥር አስፈላጊ ነው፤
• ስሕተት ቢገኝ ቺፑን ሳይቀይሩ ንድፉን ለማረም ይቻላል፤
• ቺፑ ከገበያ ቢወጣ ንድፉን ወደ ሌላ ቺፕ በማዛወር ነባሩን ሶፍትዌር ለማቆየት ያስችላል። ነገር ግን የአምራቹ ፈቃድ በራሱ ቺፖች ላይ ብቻ እንዲሠራ የሚገድብ ሊሆን ይችላል።

ከግዢ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

1. ለቢሮ ሥራ፣ ለሶፍትዌር ልማትና ለምስል ቅንብር የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ተመራጭ ነው።
2. ልዩ ሰርኪዩት ለማያስፈልገው አነስተኛ የቁጥጥር ሥራ ማይክሮኮንትሮለር በዋጋ ይረክሳል።
3. አብዛኞቹ ኤፍፒጂኤዎች ኃይል ሲቋረጥ ንድፋቸውን ስለሚያጡ፣ ቦርዱ ንድፉን መልሶ የሚጭን ቋሚ ማህደረ ትውስታ ያለው መሆኑ መረጋገጥ አለበት።
4. የኤፍፒጂኤ ንድፍ የሚዘጋጀው በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ በመሆኑ፣ በጀት ሲያዝ ሁለቱም ሊታሰቡ ይገባል።