ተጋጭተው የሚስማሙ ድምፆች

ኪቦርድ አጠገባችሁ ካለ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነጭ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኗቸው። ጆሮ የሚቆረቁር ድምፅ ይወጣል፤ ብዙ የሙዚቃ አስተማሪ ስህተት ነው ይላችኋል። በሰሜን ምሥራቅ ሊቱዌኒያ፣ አውክሽታይቲያ በሚባለው አካባቢ፣ የገጠር ሴቶች ሆን ብለው ሲዘፍኑ የኖሩት ግን ይህንኑ ነው። ዘፈኑ ሱታርቲኔስ ይባላል። ስሙ የመጣው (አያስቅም?) "መስማማት" ከሚል ግስ ነው።

እኔን እንደ ፕሮግራመር የገረመኝ አሠራሩ ነው። ከዓይነቶቹ አንዱን ሦስት ሴቶች ይዘፍኑታል። አንደኛዋ ግጥሙን ጨርሳ ወደ አዝማቹ ስትገባ ሁለተኛዋ ግጥሙን ከመጀመሪያው ታነሳለች። ሁለተኛዋ አዝማቹ ላይ ስትደርስ ሦስተኛዋ ትጀምራለች፤ የመጀመሪያዋ ደግሞ ዝም ብላ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ስለዚህ ዘፋኞቹ ሦስት ቢሆኑም ሁልጊዜ የሚሰማው ሁለት ድምፅ ነው፣ አንዱ ግጥም፣ አንዱ አዝማች። ሉፑ አይቆምም። ወንዶቹም ተመሳሳይ ዜማ ስኩዱቻይ በሚባሉ የእንጨት ዋሽንቶች ይጫወቱ ነበር፤ እያንዳንዱ ዋሽንት አንድ ድምፅ ብቻ ስላለው ዜማውን ብቻውን የሚይዘው ሰው የለም።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቄሱ አዶልፋስ ሳባልያውስካስ ዘፈኖቹን ሲሰበስቡ ዘፋኞቹ በአብዛኛው አሮጊቶች ነበሩ። የወጣቱ ጆሮ ለስላሳ ስምም ወዳለው አዲስ ዘፈን ሄዶ ነበርና ተተኪ ጠፋ። በ1930ዎቹ ጥቂቱ በድምፅ ተቀረጸ። ከ1958 እስከ 1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዜኖናስ ስላቪዩናስ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተሙ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን ኖታ የትኛው ድምፅ እንደሚዘፈን እንጂ ሁለት ጉሮሮዎች ሲጋጩ የሚፈጠረውን መርገብገብ አይነግርም።

በሶቪየት ዘመን የሕዝብ ዘፈን አልተከለከለም። እንዲያውም መድረክ ነበረው፤ በትልልቅ ኳየር፣ በተወለወለ ቅንብር፣ በአንድ ዓይነት ልብስ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህ ያልጣማቸው የከተማ ወጣቶች ያልተወለወለውን ፍለጋ ወጡ። የቪልኒየስ ዩኒቨርሲቲ የፎክሎር ቡድን ራቲልዮ የተመሠረተው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። በእኔ ግምት ሱታርቲኔስን ለዚህ ትውልድ ተፈላጊ ያደረገው ያው ቀድሞ ያስጠላው ሻካራነቱ ነው፤ ለባለሥልጣን መድረክ ማለስለስ ይከብዳላ!

ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። የዛሬ ዘፋኞች ብዙዎቹ የከተማ ሴቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ ክብ ሠርተው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ይዘፍናሉ፤ ተመልካቹ የአንዳንዶቹን ጀርባ ብቻ ያያል።