ሽጉጥ ልትገዙ ነው? ለኢላማ፣ ለውድድርና ለመታጠቅ የሚሆነው አንድ አይደለም

«የትኛው ሽጉጥ ይሻለኛል?»

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖር የኛ ሰው ሱቅ ሲከፍት ወይም የማታ ሥራ ሲጀምር አንድ ቀን ይህን መጠየቁ አይቀርም። መጀመሪያ ለጓደኛ ይደወላል፤ ጓደኛም የራሱን ሽጉጥ ያወድሳል። ከዚያ መሣሪያ መሸጫ ሲገባ ሻጩ ኪስ የምትገባ ትንሽዬ ሽጉጥ አውጥቶ ያሳየዋል። ታምራለች፣ ቀላል ናት፣ ዋጋዋም ደህና ነው። ይገዛታል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ለጀማሪ ከሁሉም በላይ የምታስቸግረው እሷው ናትና።

ሚኒባስም ሲኖትራክም መኪና ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ሽጉጥም እንደዚያው። ኢላማ ላይ ለመለማመድ፣ ለመወዳደርና በሕግ ፈቃድ ወገብ ላይ ለመታጠቅ የሚፈለገው ነገር ይለያያል፤ እንዲያውም አንዱ የሚፈልገውን ሌላው ይጠላዋል።

ከክብደቱ እንጀምር። ሽጉጥ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይራገጣል። ጥይቱ ያው ከሆነ፣ ሽጉጡ በቀለለ ቁጥር እርግጫው ይብሳል። ለውድድር የሚወደደው የቼክ ሥሪቱ ሲዜድ ሻዶው 2 ወደ 1.3 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በ2018 የወጣውና ለመታጠቅ ዝነኛ የሆነው ሲግ ሳወር ፒ365 ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ሁለቱም የሚተኩሱት ያንኑ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። ሻዶው 2 እጅ ውስጥ ረጋ ብሎ ይቀመጣል፤ ትንሿ ግን ትዘላለች። እርግጫው ሲደጋገም ሰውነት ይፈራል፤ ገና ቃታው ሳይሳብ እጅ ይጨማደዳል፣ አፈሙዙ ወደ ታች ይሰበራል፣ ጥይቱም ከኢላማው በታች ይገባል። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለማስወጣት ብዙ ያደክማል።

ሌላም አለ። ሽጉጥ ሲያጥር የፊትና የኋላ ማለሚያዎቹ ይቀራረባሉ። ሲቀራረቡ ደግሞ ዓይን የማያየው ትንሽ ስህተት ኢላማው ጋ ሲደርስ ትልቅ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ሽጉጥ በደንብ የተለማመደ ሰው መሣሪያ እንጂ የጀማሪ አይደለም። «ለሴት ልጅ ትንሿ ትሻላለች» የሚሉ ሻጮች አሉ፤ አትስሟቸው። እጇ ቀጭን የሆነች ሴት ቀላል ሽጉጥ ስትይዝ እርግጫው የሚብሰው በሷ ላይ ነው። ለማቀባበል የሚከብዳት ከሆነ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ አሉ፤ ለምሳሌ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ የላይኛው ብረት በትንሽ ጉልበት ወደ ኋላ ይሳባል።

ስለ ጥይቱ ብዙ ክርክር አለ፤ እኛ ግን በአጭሩ እንለፈው። ለመማር ካሊበር .22 የሚወዳደረው የለም። እርግጫው ከምንም አይቆጠርም፣ ድምፁ ይቀንሳል፣ ዋጋውም ከ9 ሚሊ ሜትር በብዙ ያንሳል። ከዚያ ቀጥሎ 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥይቱ እንደ ልብ ይገኛል፣ ካዝናውም ብዙ ይይዛል። ከዚያ በላይ ያሉት ትልልቆቹ ለጀማሪ ወጪና እርግጫ ከመጨመር ያለፈ ፋይዳ የላቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። አገር ቤት ማካሮቭ የሚያውቅ ሰው «9 ሚሊ ሜትር ነው» ሲባል ያው ሊመስለው ይችላል። አይደለም። የማካሮቭ ጥይት ቀለሁ 18 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ አሁን በየሱቁ የሚሸጠው 9 ሚሊ ሜትር ሉገር ወይም ፓራቤለም የሚባለው ደግሞ 19 ነው። የእርሳሶቹ ውፍረትም ጭምር ስለሚለያይ አንዱ የሌላው ሽጉጥ ውስጥ አይገባም። ጥይት ስትገዙ አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን አንብቡና ከካርቶኑ ጋር አስተያዩት።

ለኢላማ ብቻ ከሆነ ምርጫው ቀላል ነው። የ.22ቱ ሩገር ማርክ 4 በ2016 ሲወጣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚፈታ ሆኖ መጣ፤ የቀድሞዎቹን ፈትቶ መግጠም ራስ ምታት ነበርና ብዙ ሰው ተገላገለ። በ9 ሚሊ ሜትር ደግሞ ሙሉ መጠን ያለው እንደ ግሎክ 17 ያለ ይሁን። ግሎክ 17ን የኦስትሪያ ጦር በ1982 ነው የተቀበለው፤ ካዝናው 17 ጥይት ይይዛል። ከሱ ትንሽ የሚያጥረው ግሎክ 19 15 ይይዛል፤ ለልምምድም፣ ለቤትም፣ ለመታጠቅም የሚያስኬድ መካከለኛ ስለሆነ «አንድ ብቻ ነው መግዛት የምችለው» ለሚል ሰው ይህ መጠን ነው የሚመከረው። የግሎክን ስም የጠራነው ስለሚታወቅ ነው፤ በዚሁ መጠን ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም፣ ዋልተርም፣ ሲዜድም ጥሩ ጥሩ ይሠራሉ።

ከስሙ ይልቅ እጃችሁን እመኑ። ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ያዙት፤ የአውራ ጣትና የጠቋሚ ጣት መገናኛው ከአፈሙዙ ጋር በአንድ መስመር ይሁን። ከዚያ ጠቋሚ ጣት ቃታው ላይ ሲያርፍ የጣቱ ጫፍ ሥጋ ነው መንካት ያለበት። ለመድረስ እጅን ማዞር ካስፈለገ እጀታው ወፍሯል፤ ጣቱ በመገጣጠሚያው ቃታውን አልፎ ከሄደ ደግሞ ቀጥኗል። ዕድሜው ከ45 ያለፈ ሰው የፊት ማለሚያው ቢደበዝዝበት አይገረም፤ ዓይን ነው። ሬድ ዶት የሚባለው ቀይ ነጥብ ማለሚያ ለዚህ መፍትሔ ነው፤ ዓይን ኢላማው ላይ ይሆናል፣ ነጥቡ እዚያው ላይ ይታያል። ስለዚህ ማለሚያው ሊገጠምበት የሚችል ሽጉጥ መምረጥ ይጠቅማል።

ከመግዛት በፊት ተከራዩ። ብዙ የተኩስ መለማመጃ ቦታዎች በርካታ ሽጉጥ ያከራያሉ፤ በአንድ ከሰዓት ሦስት አራቱን ሞክሮ መወሰን ይቻላል። ብዙዎቹ ግን ብቻውን ለመጣ ሰው አያከራዩም። ምክንያቱ ራስን የማጥፋት ስጋት ነው፤ ስለዚህ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የጆሮና የዓይን መከላከያ አድርጉ። ስትጨርሱ ደግሞ ምግብም ሲጋራም ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጭሱና ብናኙ ውስጥ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት አለ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ቤት ውስጥ ካለ መለማመጃ ብትርቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ውድድሩ። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ብር ሜዳሊያ ያገኘውን የቱርክ ተኳሽ ዩሱፍ ዲኬችን ያላየ የለም። እሱ የተኮሰው በባሩድ የሚሠራ ሽጉጥ ሳይሆን በ10 ሜትር ርቀት የሚተኮስ የአየር ሽጉጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ በየክለቡ የሚካሄደው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ተወዳዳሪው እየሮጠ፣ ከከለላ ወደ ከለላ እያለ ብዙ ኢላማ ይመታል፤ ሰዓትና ነጥብ አብረው ይቆጠራሉ። አይፒኤስሲ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1976 በሚዙሪ ግዛት ተመሠረተ፤ የአሜሪካው ክንፉ ዩኤስፒኤስኤ ይባላል። በ1996 የተመሠረተው አይዲፒኤ ደግሞ ልብስ ሥር ለመታጠቅ የሚሆን ሽጉጥ ላይ ያተኩራል። ስቲል ቻሌንጅ የሚባለው ብረት ኢላማ ላይ ብቻ የሚተኮስ ሲሆን በ.22 መወዳደር ይፈቅዳል፤ በ.22 ምድብ ከወገብ መምዘዝም የለም። ለአዲስ ሰው ከሱ የተሻለ መግቢያ አይገኝም።

ታዲያ ለመጀመሪያው ውድድር ብላችሁ ውድ ሽጉጥ አትግዙ። ግሎክ 17 ወይም 19 ያለው ሰው አስተማማኝ ማህደር፣ ጠንካራ ቀበቶና ተጨማሪ ካዝናዎች ይዞ መቅረብ ይችላል። ሻዶው 2ን ያህል ከባድ ሽጉጥ ለመግዛት በየትኛው ምድብ እንደምትወዳደሩ እስክታውቁ ጠብቁ፤ ምድቡ ነው የሽጉጡን ክብደት፣ ማለሚያና የካዝና ልክ የሚወስነው።

ስለ መታጠቅ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ለውድድር ቃታው ሲቀል ደስ ይላል፤ ወገብ ላይ ላለ ሽጉጥ ግን ቀላል ቃታ አደጋ ነው። የግሎክ ቃታ ከፋብሪካ ሲወጣ 2.5 ኪሎ ገደማ ጉልበት ይፈልጋል፤ እንዳለ ተዉት። ግሎክ በጣት የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም፤ ቃታው ከተሳበ ይተኩሳል። በመሆኑም ማህደሩ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ይሁን። ሽጉጥን እንዲሁ ሱሪ ውስጥ መሸጎጥ በፊልም ይቅር። የተጠቀመበት ዕቃ የምትገዙ ከሆነም ታሪኩን አጣሩ። ለምሳሌ ሲግ ሳወር ፒ320 የተባለው ሽጉጡ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል በሙከራ ከታየ በኋላ፣ በ2017 ኩባንያው በነጻ ማስተካከያ መስጠት ጀመረ። ከዚያም ወዲህ «ቃታውን ሳልስብ ተኮሰ» የሚሉ ክሶች ቀጥለዋል፤ ኩባንያው ያስተባብላል።

ከሁሉ በላይ ግን መታጠቅ የሕግ ጉዳይ ነው፤ ሕጉም ድልድይ በተሻገራችሁ ቁጥር ይቀየራል። የቨርጂኒያ የመታጠቅ ፈቃድ ዲሲም ሜሪላንድም ውስጥ አይሠራም። አሌክሳንድሪያ ላይ ሕጋዊ የነበረው ሰው ዘጠነኛ ጎዳና ክትፎ ሊበላ ሲሻገር ወንጀለኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ዲሲ ውስጥ ያለ ዲሲ ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ግሪን ካርድ ላለው ሰው ደግሞ ጣጣው በእስር አያበቃም። በፌደራል የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት በሕገወጥ መንገድ መሣሪያ በመያዝ የተፈረደበት የውጭ ዜጋ ከአገር ሊባረር ይችላል። ዜግነት የሌላችሁ ወገኖች ይህን አረፍተ ነገር ሁለቴ አንብቡት።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ራሱ አይከለከልም። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን በጠባብ ልዩነቶች ካልሆነ በቀር አይችልም፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ጭራሽ አይችልም። ሽጉጥ የሚገዛው በሚኖሩበት ግዛት ነው፤ የሜሪላንድ ነዋሪ ቨርጂኒያ ሄዶ ገዝቶ ይዞ መመለስ አይፈቀድለትም። ሜሪላንድ ለብቻው የመግዣ ብቃት ፈቃድ፣ የጣት አሻራና ስልጠና ይጠይቃል፤ ግዛቱ ባጸደቀው ዝርዝር ውስጥ የሌለ ሽጉጥም እዚያ አይሸጥም። ስለዚህ ሽጉጡን ከመምረጣችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩ። ዲሲ ደግሞ እያንዳንዱ ሽጉጥ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። እነዚህ ሕጎች ፍርድ ቤት በክርክር ላይ ስለሚውሉ በምትገዙበት ሳምንት የግዛታችሁን ፖሊስ ድረ ገጽ መመልከት ያስፈልጋል።

«ወንድሜ ወረቀቱ ስላላለቀ በኔ ስም ልግዛለት» የሚባል ነገርም አለ። ቅጹ ላይ «እውነተኛው ገዢ እርስዎ ነዎት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በሌላ ሰው ገንዘብ ለሌላ ሰው ገዝቶ «አዎ» ብሎ መፈረም የፌደራል ወንጀል ነው። ሻንጣ ውስጥ ከቶ ወደ አገር ቤት መውሰድም አይታሰብ፤ ከአሜሪካ ለማውጣት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ኢትዮጵያ ውስጥም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው።

ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ ደግሞ ይህን እወቁ፤ ሁለቱም ኩባንያዎች ሹፌሩ የመታጠቅ ፈቃድ ቢኖረውም በሥራ ላይ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላሉ። ከተገኘ መተግበሪያው ይዘጋል፤ እንጀራ ነው የሚቋረጠው። ብዙ ሹፌሮች ለመታጠቅ ብለው ትንሿን ሽጉጥ ከገዙ በኋላ ነው ይህን የሚሰሙት።

በጀታችሁን ስትሠሩ ሽጉጡን ብቻ አታስቡ። ማህደሩ፣ የልምምድ ጥይቱ፣ ስልጠናውና ማስቀመጫው ተደምረው ከሽጉጡ ዋጋ ሊበልጡ ይችላሉ። ማስቀመጫው ላይ አትቆጥቡ፤ በጣት ቁጥር ተነክቶ ወዲያው የሚከፈት የብረት ሳጥን ከግድግዳ ወይም ከአልጋ ጋር ታስሮ ይቀመጥ። ቁምሳጥን ላይ፣ ትራስ ሥር፣ የመኪና ኪስ ውስጥ የሚባለው አይሠራም፤ ልጅም ሌባም መጀመሪያ የሚፈልገው እዚያው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችልበት ቦታ የጎረሰ ሽጉጥ መተው ከ2023 ጀምሮ በጠበቀ ሕግ ያስጠይቃል።